የተራኪዋ ሳጥን

እሳቱ ጠፍቷል፤ ውሃው ግን ገና ከጣሪያው ይንጠባጠባል። ኢንስፔክተሯ መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመችና ክፍሉን ቃኘችው። ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ግማሽ ጎኑ የተለበለበ የመጻሕፍት መደርደሪያ። ጥጉ ላይ ከጣውላ የተሠራ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት ነገር አለ። በሩ ተገንጥሎ ወድቋል። ውስጡ የተለበጠበት ስፖንጅ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ወለሉ ላይ ረግቷል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የዘበኛ ቤት?» አለ ሳጅኑ።

«የድምፅ መቅጃ ሳጥኔ ነው።»

ሁለቱም ዞሩ። ኮሪደሩ ላይ ሠላሳዎቹን የጀመረች ቀጭን ሴት ቆማለች፤ በእጇ የሽማግሌ ጫማ ይዛለች። አባቷ ጓዳ ተኝተው ሳለ ነው እሳቱ የተነሣው። ጎረቤት በባዶ እግራቸው ተሸክሞ አወጣቸው። ሆስፒታል አስገብታቸው የተመለሰችው ጫማቸውን ልትወስድ ነበር።

«አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ኦክስጅን ላይ ናቸው። ጭንብሉን ገለጥ እያደረጉ ነርሷን ይሳደባሉ። ስለዚህ የሚድኑ ይመስለኛል።»

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ተራኪ ነኝ። የልጆች ተረት፣ የትምህርት መጽሐፍ፣ የተገኘውን አነባለሁ። እዚህ ሳጥን ውስጥ ገብቼ እቀዳለሁ፣ በኢንተርኔት እሸጣለሁ።»

የእሳት አደጋው ባለሙያ ጓንቱን እያወለቀ ጣልቃ ገባ። «የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ኮምፒውተሩ ሳጥኑ ውስጥ ታፍኖ ጋለ፣ ስፖንጁ ተያያዘ፣ በቃ። ለአለቃሽም በስልክ ነግሬዋለሁ።»

ተራኪዋ ጫማውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ኮምፒውተሩ የት ነበር ያሉት?»

«ሳጥኑ ውስጥ። ያው፣ ያ የቀለጠው።»

«ኮምፒውተሬ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ አያውቅም» አለች። «ማራገቢያው ያጉረመርማል። ማይክራፎኑ ደግሞ ትንኝ ብታልፍ ይይዛል። ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ገመዱ ብቻ ነው በዚህ ቀዳዳ የሚገባው። ዛሬ ስወጣም ነቅዬው ነው የወጣሁት።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውን አየችው። ጥላሸቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ዕቃ ያረፈበት ንጹሕ ቦታ የለም። ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ከቀለጠው ኮምፒውተር ላይ የፋይል ማስቀመጫ ዲስክ ተጣብቋል። አንድ ሰው ሁለቱንም አንሥቶ፣ ስፖንጁ መሐል አስተኝቶ ነው የለኮሰው።

«በሩ ተሰብሯል?» አለች።

«አልተሰበረም» አለ ሳጅኑ።

ቁልፉ ተራኪዋ ጋ አለ፣ ወንድሟ ጋ አለ። አንድ ትርፍ ቁልፍ ደግሞ ከመስኮቱ በላይ ይቀመጣል፤ ቤተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻ አትይዝም። ነገር ሲያሳስባት የጃኬቷን ቁልፍ ታዞራለች። አሁንም ማዞር ጀመረች። «ለምን?» አለች ለራሷ። ጣቢያው ውስጥ «እማማ ለምን» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

*

አለቃዋ ሲያያት ገና ከበሩ እጁን አወዛወዘ።

«ለምን እንዳትይኝ! የኤሌክትሪክ ነው ተብሏል። ፋይሉን ዝጊው።»

«ኤሌክትሪክ ኮምፒውተር ተሸክሞ አይሄድም» አለች።

«ሴትየዋ ረስታው ይሆናል።»

«እርስዎ ጫማዎን አልጋ ውስጥ ረስተው ያውቃሉ?»

አለቃው ተነፈሰ። «ስሚኝ። ልጅቷ ሥራዋን ከገዛት ሰው ጋር የኢንተርኔት ክርክር አለባት አሉ። ገዢው ምን አገር እንዳለ አይታወቅ፣ ስሙ እውነት ይሁን ውሸት አይታወቅ። እዚያ ውስጥ ገብተሽ አትወጪም። የንግድ ጭቅጭቅ ነው፣ የፖሊስ ሥራ አይደለም።»

«አንድ ሽማግሌ ጭስ ውስጥ ተኝተው ነበር።»

«እንዝጋው አልኩሽ።»

«ይዝጉታ፤ በእርስዎ ፊርማ» አለችና ባዶውን የመዝጊያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አድርጋለት ወጣች። አለቃው ወረቀቱን ቢያየውም አልፈረመበትም።

*

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ዊልቸር በተደረደረበት ጥግ፣ ተራኪዋ ነገሩን አስረዳቻት።

«እኛ የምንሸጠው ነገር በእጅ አይያዝም። ገዢው በካርድ ይከፍላል፣ እኔ ፋይሉን በኢንተርኔት ገበያው በኩል እልካለሁ። ይወስዳል፣ ያመሰግናል። ከሆነ ጊዜ በኋላ ባንኩ ጋ ሄዶ ‹ሥራው ተበላሽቶ ነው የመጣው› ይላል። ወይም ‹ምንም አልደረሰኝም› ይላል። ባንኩ የሚያምነው ደንበኛውን ነው። ገንዘቡን ከእኔ ላይ ነቅሎ ይመልስለታል። ቻርጅባክ ይሉታል። ጫማ ሸጠሽ ቢሆን ቢያንስ ጫማውን መልስ ትያለሽ። እኔ ድምፄን ምን ብዬ ነው የማስመልሰው?»

«ስንት ጊዜ ደረሰብሽ?»

«ይሄ ሦስተኛው ነው። ሦስት ጊዜ የተከሰሰ ሻጭ ደግሞ ከገበያው ይባረራል። ደንበኞቼ በሙሉ እዚያ ናቸው። አሥር ዓመት የለፋሁበት ስም እዚያ ነው።»

«የመጀመሪያዎቹን ምን አደረግሽ?»

«ዝም አልኩ። ሰው ሁሉ ተይው አለኝ፤ ‹ከባንክ ጋር ምን ያከራክርሻል?› አሉኝ። አሁን ግን በቃኝ። ጥሬ ቅጂዎቹን፣ እንደወረደ የተቀዳውን ሁሉ፣ ከነስሕተቱ ከነድግግሞሹ ለገበያው ልልክ ነበር። አንድ ተረት ለመጨረስ ስንቴ እንደማነበው ይስሙት። ሌባ ጥሬ ቅጂ አይኖረውም፤ የሠራው ሰው ብቻ ነው ያለው። ትናንት ለሁሉም ተናገርኩ፤ ‹ዘንድሮ ዝም የምል እንዳይመስላችሁ› ብዬ።»

«ጥሬ ቅጂዎቹ የት ነበሩ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ። ሌላው ዲስኩ ላይ።»

ኢንስፔክተሯ የጃኬቷን ቁልፍ ማዞር አቆመች። «እሳቱ ሲነሣ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ባንክ። የክርክሩን ወረቀት ላወጣ። አባባ ደግሞ ዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ ነበራቸው፣ ወንድሜ ሊወስዳቸው ነበር። ጠዋት ክሊኒኩ ደውሎ ሐኪሙ የለም አላቸው። ቀሩ፣ ተመልሰው ተኙ።»

ከክፍሉ ውስጥ «ውሃ የሚሰጥ ሰው ጠፋ በዚህ ቤት!» የሚል ድምፅ መጣ። ተራኪዋ ሮጣ ገባች።

*

ሽማግሌውን ተሸክሞ ያወጣው ጎረቤት፣ በያጁ፣ የሚሠራው ከተራኪዋ ግቢ ጋር በቆርቆሮ በተለየ ሼድ ውስጥ ነው። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ሁለቱም እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለው ባልዲ ላይ ተቀምጧል።

«ሊያስሩኝ ነው?» አለ ገና ሳትናገር።

«ለምን አስርሃለሁ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ‹ያንን ሳጥንሽን አንድ ቀን እሳት እለቅበታለሁ› ስላት ሰምቷል። ብያለሁ። አልክድም። በቀን አምስቴ እየመጣች ‹የብረት መፍጫውን አጥፋልኝ፣ እየቀዳሁ ነው› ትለኛለች። እኔ ብረት ነው የምቆርጠው፣ ሐር አይደለም! በሹክሹክታ እንዴት ነው ብረት የሚቆረጠው?»

«እሳቱን ቀድመህ ያየኸው አንተ ነህ። ሽማግሌውንም ያወጣኸው አንተ ነህ። ፈጥነህ ደረስክ።»

«ፈጠንኩ፤ ፀጥ ብሎ ስለነበረ ነዋ።» አፍሮ ወደ መሬት አየ። «ጠዋት ሽማግሌው መስኮት ላይ ብቅ ብለው ‹አንተ ልጅ፣ ክሊኒኩ ሰረዘብኝ፣ ልተኛበት፣ ሰላም ስጠኝ› አሉኝ። መፍጫውን አጠፋሁት። ለእሷ አጥፍቼላት አላውቅም፤ ለእሳቸው ግን አጠፋሁ። ቁጭ ብዬ ሳለሁ ነው የሚንጣጣ ነገር የሰማሁት። ያ ማሽን እየሠራ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰውም።

ሳጅኑ መኪናው ውስጥ ሲገቡ «እሳት የመለኮስ ዕቃ ሁሉ እጁ ላይ ነው፤ ቲነር አለው፣ ዛቻም አለው» አለ።

«እጁንም አየኸው?»

«ራሱ ለኩሶ ራሱ ያጠፋ ስንት አለ።»

«አለ። ግን ሽማግሌው ቤት መተኛታቸውን ያውቃል። ያውቃልና ለምን ዛሬን ይመርጣል?» የጃኬቷን ቁልፍ አዞረች። «ይሄን የለኮሰ ሰው ቤቱ ባዶ መስሎታል።»

*

ወንድምየው የተገኘው ካፌ ውስጥ ነው። ክራባት አስሯል። የእህቱ ነገር እንዳሳዘነው ቢናገርም ዓይኑን አንድ ቦታ ማሳረፍ አልቻለም።

«ቤቱ እንዲሸጥ ትፈልግ ነበር ይባላል» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እፈልጋለሁ። ቤቱ አርጅቷል፤ አባባም ደረጃ አይችሉም። እሷ ናት እምቢ ያለችው። ሳጥኔን የት አደርገዋለሁ አለች። ለጣውላ ሳጥን ብላ!»

«አሁን ሳጥኑ የለም።»

ሰውየው ቀላ። «እና እኔ ነኝ ያቃጠልኩት? አባቴ እኮ ውስጥ ነበሩ!»

«እሳቱ ሲነሣ የት ነበርክ?»

«ቢሮ። ስብሰባ ላይ።»

ሳጅኑ ቢሮው ደወለ። ሰውየው ሥራውን ከለቀቀ ወራት አልፈዋል። ሳጅኑ ስልኩን ዘግቶ በድል አድራጊነት ወደ ኢንስፔክተሯ አየ። ከዚያ ግን እንደገና ወንድምየውን አየው፣ አንገቱን አዘመመ፣ ጠጋ አለ።

«ቆይ እስቲ… አንድ ጊዜ ‹ጌታዬ፣ ቃሪያው ለብቻ ነው› በል።»

«ምን?»

«በል አልኩህ።»

ወንድምየው በሞተ ድምፅ አለው።

«እሱ ነው!» ሳጅኑ ጭኑን መታ። «ኢንስፔክተር፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ምሳዬን የሚያመጣልኝ ነው! ሁልጊዜ ሄልሜቱን ስለማያወልቅ ፊቱን አይቼ አላውቅም። ያን ቀን የእሳቱ ጥሪ ሲመጣ ጣቢያው በር ላይ ሒሳብ እየሰጠሁት ነበር!»

ወንድምየው ክራባቱን ፈታ አደረገ። በዝግታ ተናገረ። ሞተር ብስክሌት ገዝቶ ምግብ ያደርሳል። ከቢሮው ይልቅ ያዋጣዋል፣ ይሻለዋልም። አባቱ ግን ልጃቸውን ክራባት አስሮ ማየት ይወዳሉ። ስለዚህ ጠዋት ክራባት አስሮ ይወጣል፣ ጥግ ላይ ያወልቀዋል።

«አባትህ የክሊኒኩን ቀጠሮ መሰረዝ ነግረውሃል?»

«ገና በጠዋቱ ደወሉልኝ። ‹አትምጣ፣ ስብሰባህ ላይ ተቀመጥ› አሉኝ» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

*

«ጆሮ» የሚሉት የድምፅ አርታኢው ነው። ተራኪዋ የቀዳችውን ተቀብሎ ያጸዳል፤ ትንፋሽ፣ የወረቀት ኮሽታ፣ የመኪና ጡሩምባ ያወጣል። ስሙን ያገኘው ሌላ ሰው የማይሰማውን ስለሚሰማ ነው። ኢንስፔክተሯ ስቱዲዮው ስትደርስ ወንበር አቀረበላት፣ ለሽማግሌው ስለ ገዛው ፍራፍሬ ነገራት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እሳቸው እኔን ‹ልጄ› ነው የሚሉኝ። እኔ እኮ ‹ተይው፣ ከባንክ ጋር አትጋጪ› ብያት ነበር። ሦስተኛ ከሆነ አካውንትሽ ይዘጋል፤ ይዘጋ፤ በእኔ አካውንት እንሸጣለን፣ እንካፈላለን አልኳት። እምቢ አለች። ግትር ናት።»

«መጨረሻ ያገኘሃት መቼ ነው?»

«ሳምንት ይሆናል። በስልክም አልተገናኘንም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።»

«እሳቱ የተነሣ ጠዋትስ?»

«እዚሁ። ማስታወቂያ እያጸዳሁ። ጥበቃውን ጠይቂው።»

ጥበቃው ሲገባ አይቶታል። ሲወጣ አላየውም። ኢንስፔክተሯ ስትወጣ ግን በጓሮ በኩል ዞራ አየች፤ ስቱዲዮው ወደ ሰፈሩ ገበያ የሚያወጣ ሌላ በር አለው። የዚህ አገር ሕንፃ ሁሉ ሁለት በር ስላለው ብቻ ሰው አይታሰርም። ወደ ጣቢያ ተመለሰች።

*

የኢንተርኔት ገበያው የቅሬታ ሠራተኛ ስልኩን ያነሣችው ከብዙ ሙዚቃ በኋላ ነው።

«የፖሊስ ደብዳቤው ደርሶናል። የገዢውን ማንነት ግን ያለ ባንኩ ፈቃድ መስጠት አንችልም።»

«ስሙን አልጠየቅኩሽም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ምን ብሎ ነው የከሰሰው?»

«‹ቅጂው ጥራት የለውም› ነው ያለው። ማስረጃም አያይዟል።»

«ምን ዓይነት ማስረጃ?»

«ከተረቱ የተቆረጠ ድምፅ። ለሻጯም ልከንላታል፤ አልከፈተችውም።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሯ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተራኪዋ ጎን ተቀመጠች። ሽማግሌው ሌሊቱን ትኩሳት ይዟቸው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛውረዋል። ተራኪዋ አልተኛችም። ዓይኗ ቀልቷል፤ አገጯ ግን አልወረደም።

«ማስረጃውን ለምን አልከፈትሽውም?»

«የሰው ውሸት ለመስማት ጊዜ አልነበረኝም።»

«አሁን እንስማው።»

ስልኩ ላይ የተራኪዋ ድምፅ ተሰማ። ኤሊዋ ወንዙን ለመሻገር ስታስብ፣ ቀስ ብላ እግሯን ስትዘረጋ፣ ከዚያ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ፣ ድፍን ያለ የሽማግሌ ሳል። ተራኪዋ ሳቀችና «አባባ!» አለች። ድምፁ ተቆረጠ።

«እንዲህ አድርገሽ ነው የላክሽለት?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አብደሻል እንዴ? ይቅርታ፣ ማለቴ… እንዴት ይሄን እልካለሁ? ያን ቀን አባባ ሳላቸው፣ እኔም ሳቅሁ፣ ዓረፍተ ነገሩን ደግሜ አነበብኩት። ሳሉ ወጥቶ ነው ለገዢው የሄደው።»

ገበያው ላይ የተቀመጠውን፣ ለገዢው የተላከውን ቅጂ ከፈቱት። ኤሊዋ ያለ ምንም ሳል ወንዙን ተሻገረች።

«ታዲያ ገዢው ሳሉን ከየት አገኘው?»

ተራኪዋ ስልኩን እንደገና አየችው። ፊቷ ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ።

«ጥሬው ያለው እኔ ጋ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እና ካጸዳው ሰው ጋ።»

«የክሊኒኩን ቀጠሮ ነግረሽው ነበር?»

«በዋዜማው ደወለልኝ። ነገ ቤት ልምጣ አለ። አይ፣ እኔ ባንክ ነኝ፣ አባባም ክሊኒክ ናቸው፣ ማንም የለም አልኩት።» ተነሥታ ቆመች። «ልብሴን ላምጣና አብሬሽ ልሂድ።»

«የትም አትሄጂም። ለእኔ ተዪልኝ።»

*

ጆሮ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ሳጅኑ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አስቀመጠ።

«አንድ ሙያዊ እርዳታ ፈልጌ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «የኔ ጆሮ ደክሟል። ሁለት ቅጂ ላሰማህ፤ ልዩነታቸውን ንገረኝ።»

ሁለቱንም አሰማችው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ አደመጠ፤ ሥራው ነውና ራሱን መግታት አልቻለም።

«የመጀመሪያው የተጸዳ ነው። ሁለተኛው ጥሬ ነው። ሳል አለበት፣ ከሳሉ በፊት የወንበር ድምፅ አለ፣ የመንገዱም ጉምጉምታ አልወጣም። ማንም ይለየዋል።»

«ሁለተኛውን ያገኘነው ከገዢው ነው። ለባንኩ የላከው ማስረጃ ነው።»

ጆሮ ያጣመረውን እግሩን ፈታ።

«ያልተላከለትን ጥሬ ቅጂ ገዢው ከየት አመጣው?»

«ኮምፒውተሯን ሰብረው ገብተው ይሆናል። በኢንተርኔት።»

«ይሆናል። ካርዱ የማን እንደሆነ ባንኩ እየነገረን ነው። ውጭ አገር ዘመድ አለህ?»

ጆሮ ላቡን ጠረገ። «እሺ። ይሄ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የአክስቴ ልጅ ይገዛል፣ ያስመልሳል። ድምፁን ትንሽ አወፍሬ፣ በሌላ ሰው ስም ለአንድ የልጆች የስልክ መተግበሪያ ሸጥኩት። እመልሳለሁ። እንተሳሰባለን። ግን እስቲ ፍረዱኝ፤ እሷ ሳጥን ውስጥ ገብታ ታወራለች፣ አድናቆቱ የእሷ ነው። ያንን ድምፅ ድምፅ ያደረግኩት እኔ ነኝ! አንድ ቀን ስሜን የጠራ ሰው አለ?»

«ማን ይጥራህ? ሰርቀህ ሸጠሃል እኮ» አለ ሳጅኑ።

«አካውንቷ ቢዘጋ ከእኔ ጋር ትሠራ ነበር። ያ ብቻ ነው። ማንም አይጎዳም ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ድምፅ ማጉያውን አጠፋችው። «ሽማግሌው ሌሊት ጽኑ ሕሙማን ገብተዋል። ሰምተሃል?»

የሰውየው ፊት ተለዋወጠ። «ምን? ሻል ብሏቸዋል ተብዬ…»

«ሳንባቸው ነው።»

«ክሊኒክ ነበሩ እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ክሊኒክ መሆን ነበረባቸው! ማንም የለም ብላኝ—»

አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ኢንስፔክተሯ ድምጿን ሳታነሣ ተናገረች።

«ስለ ቤቱ ገና አልጠየቅኩህም ነበር። ደግሞ ሳምንት ሙሉ በስልክም አልተገናኘንም ብለኸኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የቀረው ቁልፉን ከየት እንዳነሣና እሳቱን የለኮሰበትን ቲነር ከማን እንደገዛ መናገር ነበር። ተናገረ። መጀመሪያ ጥሬ ቅጂዎቹ ገበያው ጋ ደርሰው ክሱን እንዳያፈርሱበት ፋይሎቹን ብቻ ሊያጠፋ አስቦ ነበር፤ ግን የጠፋ ፋይል የሚያወጡ ባለሙያዎች እንዳሉ ስለሚያውቅ ፈራ። ሳያስበው ግን ለባንኩ ከላከው ማስረጃ ጋር ጥሬውን ራሱ አስቀምጦላት ነበር።

አለቃው ፋይሉን ተቀብሎ አገላበጠ። «የንግድ ጭቅጭቅ ነው ብዬ ነበር?» አለ።

«ብለው ነበር።»

«እንግዲህ ሰው ይሳሳታል» አለና ፈረመ።

*

ሽማግሌው ከጽኑ ሕሙማን ሲወጡ ኢንስፔክተሯ የምስክርነት ቃሉን ለማስፈረም ወደ ሆስፒታል ሄደች። ተራኪዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ወንድምየው ያለ ክራባት፣ ሄልሜቱን በብብቱ ይዞ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ሽማግሌው እውነተኛ ሥራውን ሲሰሙ አልደነገጡም፤ «ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው?» ብለው ብቻ እንደጠየቁት ነገራት።

«የጆሮ እህት ትናንት መጥታ ነበር» አለ ወንድምየው። «ሁሉንም ይከፍላል፣ ክሱን አንሡለት ብላ ለመነች። አለቀሰች።»

«ምን አላችኋት?»

«እኔ እናስብበት አልኩ» አለና እህቱን አየ። «እሷ ግን ‹የሚከፈለውን ፍርድ ቤቱ ይንገረው፤ አባቴን በጭስ አፍኖ በሒሳብ የሚወራረድ ነገር የለም› ብላ መለሰቻት።»

«ከገበያውስ ምን ተባለ?»

«ሦስተኛውን ክስ ሰረዙልኝ» አለች ተራኪዋ። «የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ጊዜያቸው አልፏል፣ እናዝናለን አሉ። ሐዘናችሁን በካርድ መክፈል ይቻላል ወይ ብዬ ጻፍኩላቸው። እስካሁን አልመለሱም። እኔም መጻፌን አላቆምም፤ አንድ ቀን ሰልችቷቸው ይከፍሉኛል።»

ስልኳ ጮኸ። የልጆች መተግበሪያው ድርጅት ኃላፊ ነበር። እጇ የአባቷን ትራስ ይዞ ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጋ አልጋው ላይ አኖረችው።

«በጣም አዝነናል» አለ ሰውየው። «ተረቶቹን ግን ከመተግበሪያችን ብናወጣቸው ለልጆቹም ጥሩ አይሆንም፤ ለምደዋቸዋል። ጥሩ ክፍያ እንከፍልሻለን። አንድ ነገር ብቻ፣ ነገሩ ወደ ሰው ጆሮ እንዳይደርስ። ስሙም እንዳለ ይቆይ።»

«የማን ስም?»

«አሁን ያለው።»

«ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

«እሱማ ገብቶናል።»

«ከገባችሁ መጀመሪያ የእኔን ስም አስገቡ። በየተረቱ መጀመሪያ ላይ፣ ልጆቹ እንዲሰሙት። ድምፄንም ወደ ነበረበት መልሱት፤ የወፈረው የእኔ አይደለም። ከዚያ ስለ ክፍያ እናወራለን።»

ሰውየው ሳቅ አለ፤ ትዕግሥቱ እያለቀበት ነው። «እህቴ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ስንቱ በደስታ ይቀበለው ነበር መሰለሽ?»

«እንግዲያው ለእነሱ ደውሉላቸዋ!»

ስልኩን ዘጋችው። ወንድምየው በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ዘጋሽበት?» አሉ አባቷ ከትራሱ ላይ።

«ዘጋሁበት።»

«እኔ ብሆን መጀመሪያ ትንሽ እሰድበው ነበር።»

ተራኪዋ ከኢንስፔክተሯ እስክሪብቶ ተቀብላ የምስክርነት ቃሉን ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረች። ገና ሁለት መስመር ሳትሄድ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ያው ቁጥር ነው። ወንድምየው ተንደርድሮ መጣ።

«አንሺው እንጂ! ተመልሰው ደወሉ እኮ!»

«ይጥራ» አለች ተራኪዋ ቀና ሳትል፣ ገጹን እየገለጠች። «መጀመሪያ ይሄን ልጨርስ።»